ለወጣቶች የተመደበው ገንዘብ በወጣቶች ውሳኔ ይመራ

ለተከበሩ የወጣቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ለወጣቶች ፕሮጀክቶች የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ አሠራር እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

በየአካባቢው ለሚሠሩ የወጣቶች ፕሮጀክቶች ድጋፍ መመደቡን ከልቤ እደግፋለሁ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ የገንዘቡ መጠን ሳይሆን፣ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል የሚወስነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

ባለፈው ዙር ሰባት ወጣቶች ማመልከቻቸውን ሲያዘጋጁ አብሬያቸው ተቀምጬ ነበር። ሐሳባቸው አንድ አሮጌ ክፍል አድሰው ሕፃናት ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚያነቡበት ቦታ ማድረግ ነበር። የክፍሉን ወለል በእርምጃ ለክተው፣ ስንት መደርደሪያ እንደሚይዝ ደብተር ላይ ሥለው፣ ቁልፉ በየትኛው ቀን በማን እጅ እንደሚያድር ሳይቀር ተራ አውጥተው ነበር። ቅጹ ግን ከዚህ አንዱንም አልጠየቀም፤ የጠየቀው ገና አምስት ወሩ የሆነውን ቡድን የሦስት ዓመት የኦዲት ሪፖርት ነው። ወጪውንም አስቀድመው ከኪሳቸው ከፍለው በደረሰኝ እንዲያስመልሱ ያዛል። እንዲህ ያለው መመዘኛ አመልካቾችን የሚያበጥረው በሐሳባቸው ብስለት ሳይሆን በወላጆቻቸው አቅም ነው። ልጆቹ ሳያመለክቱ ቀሩ።

እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12፣ ሕፃናት በሚመለከታቸው ጉዳይ ሁሉ ሐሳባቸውን የመግለጽና ሐሳባቸውም ተገቢው ክብደት የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ክብደት ማግኘት ደግሞ ከመሰማት ያለፈ ነው። የልጆች ተሳትፎ ተመራማሪው ሮጀር ሃርት እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ ባዘጋጀው ጽሑፍ የልጆችን ተሳትፎ ባለ 8 እርከን መሰላል አድርጎ ሲያሳይ፣ ልጆች ለጌጥና ለይስሙላ የሚጠሩባቸውን የታችኞቹን 3 እርከኖች ከተሳትፎ አልቆጠራቸውም። ውሳኔው ካለቀ በኋላ ወጣቶችን ለፎቶግራፍና ለጭብጨባ የምንጠራበት ልማድ የሚያርፈው እዚያው ነው።

ከዚህ የተሻለ አሠራር ተሞክሯል። በአሜሪካ ቦስተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 25 ዓመት የሆኑ ነዋሪዎች ከከተማው የካፒታል በጀት 1 ሚሊዮን ዶላር በምን ላይ እንደሚውል በድምፃቸው ወስነዋል። ሐሳቡን ያመነጩትም፣ ከከተማው ሠራተኞች ጋር ተቀምጠው ወደ ፕሮጀክት የለወጡትም ወጣቶች ነበሩ፤ ከመረጧቸው ሥራዎች መካከል የመጫወቻ ስፍራ እድሳትና ለትምህርት ቤቶች የሚሆኑ ላፕቶፖች ይገኙበታል።

ገንዘቡ ይባክናል የሚለው ስጋት እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ የሕዝብ ገንዘብ ነውና ስጋቱ ተገቢ ነው። መልሱ ግን በሩን ማጥበብ አይደለም። አነስተኛ ድጋፍ በሁለት ዙር ቢከፈል፣ የመጀመሪያው በቅድሚያ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያው ሲወራረድ፣ ዕድሜያቸው ለውል ያልደረሰውን በመወከል አንድ አዋቂ አብሮ ቢፈርም፣ ሒሳቡም አካባቢው ሁሉ በሚያየው ቦታ ቢለጠፍ፣ ማንም ከማይመረምረው የኦዲት ወረቀት ይልቅ ገንዘቡን ይጠብቃል። እንዲህም ሆኖ የማይሳኩ ፕሮጀክቶች ይኖራሉ፤ ያልተሳካለት ቡድን ምን እንደገጠመው በግልጽ ከተናገረ በድጋሚ ከማመልከት ሊታገድ አይገባም።

ስለዚህ የሚቀጥለው ጥሪ ከመውጣቱ በፊት ቅጹና የመምረጫ መስፈርቱ ከወጣቶች ጋር እንዲከለስ፣ በመራጭ ኮሚቴው ውስጥም ከግማሽ የማያንሱት አባላት ሙሉ ድምፅ ያላቸው ወጣቶች እንዲሆኑ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ስብሰባው ከትምህርትና ከፈተና ሰዓት ውጭ ይሁን፤ የትራንስፖርት ወጪያቸውም ይሸፈን። ልጆቹ ደብተሩን አልጣሉትም፤ ለክለሳው ከተጠሩ ይዘውት ይመጣሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር