ያቺን ደብተርሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ

ጉዴ፣

እንደምን ከረምሽ። አዎ እኔ ነኝ፣ ያቺው የጠፋችው። ስልኩን እንዳትወረውሪው፣ መጀመሪያ አንብቢና ከዚያ እንደፈለግሽ ስደቢኝ፣ እኔም ብሆን ይሄን ያህል ጊዜ ጠፍቶ ዝም ብሎ «ሃይ» ብሎ የሚመጣ ሰው አልወድም። ይቅርታ በቃ። ስለመጥፋቴ ብዙ አልልም፣ ከጀመርኩ ስለዚያ የስም ዝርዝር ላወራ ነው፣ ስለሱ ደግሞ በጽሑፍ አይሆንም። እማማ ደህና ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ያ ወንድምሽስ አሁንም ባጃጁን ልሸጥ ነው እያለ ነው?

እሺ፣ እውነቱን ልናገርና፣ የጻፍኩልሽ ስለናፈቅሽኝ ብቻ አይደለም (ናፍቀሽኛል ግን፣ በጣም)። ቸግሮኝ ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ያንን ጠርሙስ መቁጠሪያ ስትሠሪ የያዝሽው ደብተር አለሽ አይደል? ጣልኩት እንዳትይኝ ብቻ። አንቺ የማስቲካ ወረቀት እንኳ የማትጥይ ሰው ነሽ።

ያለሁት ቻይና፣ ቲያንጂን ነው፣ መቼም ሳትሰሚ አትቀሪም። ሥልጠናው ሊያልቅ ነው፣ መዝጊያው ላይ እያንዳንዱ ግሩፕ አንድ የሚሠራ ነገር ማሳየት አለበት። ለእኔና ለታይላንዱ ልጅ የደረሰን ትንሽዬ ኮንቬየር ናት፣ ዕቃ የምታመላልስ ቀበቶ፣ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ። የብረትና የፕላስቲክ ዕቃዎች እየተከታተሉ ይመጣሉ፣ ብረቱን ሴንሰሩ ያየዋል፣ ፒኤልሲው (ማሽኑን የሚያዘው ትንሹ ኮምፒውተር) ይቆጥረዋል፣ ከዚያ በአየር የሚሠራው ሲሊንደር ገፍቶ ሳጥን ውስጥ ይጥለዋል። ሲሰማ የሕፃን ጨዋታ ነው አይደል? እኔም እንደዛ ነበር ያልኩት። ላደሩን፣ የፒኤልሲውን ፕሮግራም ማለቴ ነው፣ በአንድ ከሰዓት ጨረስነው፣ ሶፍትዌሩ ከላይ እስከ ታች ቻይንኛ ነው ግን የላደሩ ምልክት፣ ኮንታክቱም ኮይሉም፣ የትም ሀገር ያው ነው፣ ራን አልነው፣ ሠራ፣ ልጁ ተነስቶ ጨፈረ። ከዚያ ቁጥሩን እንየው ብለን ስድስት ብረት ብናሳልፍ ካውንተሩ አሥራ ሁለት ይላል።

ብረቱ መሐሉ ቀዳዳ ነው፣ ትልቅ ሮንዴላ በይው። ሴንሰሩ ደግሞ ኢንዳክቲቭ ስለሆነ ብረት ጥቂት ሚሊ ሜትር ድረስ ሲጠጋው ብቻ ነው የሚያየው። የፊቱ ጠርዝ ሲመጣ አለ ይላል፣ ቀዳዳው ሲደርስ የለም ይላል፣ የኋላው ጠርዝ ሲመጣ እንደገና አለ። አንዱን ዕቃ ሁለቴ ቆጥሮልኝ እርፍ።

ያኔ ትዝ አልሽኝ፣ የምሬን ነው። ያንቺ ጠርሙስስ እንዲሁ አልነበር ያደረገሽ? መብራቱ የጠርሙሱ ጠርዝ ላይ ይጋረድና መሐሉ ጋ ሲደርስ ብርጭቆውን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ከዚያ ሌላው ጠርዝ ይጋርደዋል፣ አንዱ ጠርሙስ ሁለት ይሆናል። ከየካፌው ባዶ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ስትለቅሚ ሰዉ ሁሉ ቆራሌው ገባች ብሎሽ ነበር እኮ። እኔም ስቄያለሁ። አሁን ማን ይሳቅ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ታይመር ማስገባት ነው። አንዴ ካየ በኋላ ለትንሽ ጊዜ ሴንሰሩን እንዳይሰማው አደረግኩ። ሰዓቱን ሳሳጥረው ሁለቴ ይቆጥራል፣ ሳስረዝመው ደግሞ ተከትሎ የመጣውን ብረት ጭራሽ ሳይቆጥር ያሳልፈዋል። ፍጥነቱ አንድ ዓይነት ቢሆን መሐል ላይ የሆነ ቁጥር አይጠፋም ነበር፣ ግን ላኦሺ (እዚህ መምህር ላኦሺ ነው የሚባለው) በማሳያው ቀን ፍጥነቱን እንደፈለገ እንደሚቀያይረው ከወዲሁ ነግሮናል፣ እየሳቀ ነው ደግሞ የነገረን። ሰውየው ስልኩን አፉ ጋ አድርጎ በቻይንኛ ያወራል፣ ስልኩ ለኛ በእንግሊዝኛ ይናገራል። ስልኩ ትሁት ነው፣ «እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» ይለናል። የሰውየው ፊት ግን እንደዛ አይልም።

አንቺ ታይመር አልተጠቀምሽም አይደል? ሁለተኛ ሴንሰር ነበር መሰለኝ። የመጀመሪያው ሲያይ አንድ ቢት (ፕሮግራሙ ውስጥ ያለ ማብሪያ ማጥፊያ በይው) ሴት ይሆንና ይቆለፋል፣ ዕቃው ፈቀቅ ብሎ ሁለተኛው ጋ ሲደርስ ሪሴት ያደርገዋል፣ ስለዚህ መሐል ላይ መቶ ጊዜ ብልጭ ድርግም ቢል አይቆጥርም፣ ቀበቶው ፈጠነም ዘገየም ግድ የለውም። እስከዚህ ድረስ አለኝ። ግን የመጀመሪያው ሁለተኛው ጋ ሳይደርስ ሌላ ጠርሙስ ከኋላ ተጠግቶ ቢመጣስ ለሚለው አንድ ነገር አድርገሽ ነበር፣ ያ እኩለ ሌሊት ከአልጋሽ ተነስተሽ የጻፍሽው፣ እኔ «መብራት አጥፊ» ብዬ ትራስ የወረወርኩብሽ። እሱ ነው የጠፋኝ። ሴንሰሮቹን ማቀራረብ ብቻ አልነበረም፣ ላደሩ ላይም የጨመርሽው መስመር ነበረ። ዓይኔን ስጨፍን ገጹ ይታየኛል፣ ጽሑፉ ግን አይነበብም።

ቀን ላይ ረጋ ብለሽ አትሠሪውም ወይ ትይኝ ይሆናል። እዚህ እኮ ከምሳ በኋላ ይተኛል፣ ቀልዴን አይደለም። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ላቦራቶሪው ይቆለፋል፣ ተማሪው ክንዱን ተንተርሶ ጠረጴዛ ላይ ይደፋል፣ ላኦሺ ቢሮው ውስጥ ታጣፊ አልጋ አለችው፣ ጥበቃው ሳይቀር ያንቀላፋል፣ እኔ ብቻ ኮሪደር ላይ ቆሜ በመስታወት ኮንቬየሯን አያታለሁ። እራት ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት! ፀሐይዋ ገና ሳታዘቀዝቅ ነው እራት የምንበላው፣ ትንሽ ካረፈድሽ የሚተርፍሽ ሩዝ ብቻ ነው።

ፍልሰታም እዚሁ ያዘችኝ፣ ያለ አንቺ። ካፌው ውስጥ አትክልት ሞልቷል፣ ችግሩ ፎሶሊያ ነው ብለሽ አንስተሽ ስታዪው የተፈጨ አሳማ ተነስንሶበታል። ጾሙ ሳይገባ የኛ ልጆች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ጠቅልለን ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለው ሁዊ የሚባሉት የቻይና ሙስሊሞች ኑድል ቤት ነበር የምንበላው፣ ሰውየው ሊጡን በእጁ እየሳበ እያጠፈ ክር ሲያደርገው ማየት ራሱ ያጠግባል። አሁን ግን መረቁ የበሬ ስለሆነ እሱም ቀረብኝ፣ ቶፉና ሩዝ ነው፣ ቶፉና ሩዝ።

ያዳነችኝ አንዲት ጂየንቢንግ የምትሸጥ ሴትዮ ናት። የቲያንጂን ሰው ቁርስ ነው። ክብ ምጣድ አላት፣ ሊጡ የማሾ ነው፣ አዎ ያ እነ ሸዋሮቢት የሚያመርቱት ማሾ! አንድ ጭልፋ ታፈስና በትንሽ የእንጨት መግፊያ ከመሐል ወደ ዳር እያዞረች ስስ አድርጋ ታሰፋዋለች፣ እጇ አይቶ የማይጠገብ ነው። ከዚያ እንቁላል ትሰብርበታለች። የመጀመሪያ ቀን ልትሰብር ስትል እጇን ልይዛት ምንም አልቀረኝም፣ ያለ እንቁላል! ሴትዮዋ ግራ ገባት፣ እንቁላሉን ብድግ አድርጋ እያሳየች ምንም አልሆነም፣ ደህና ነው የምትለኝ ይመስለኛል፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ገብቶበት ተከራከረልኝም ተከራከረብኝም። አሁን ለምዳኛለች። ከሩቅ ስታየኝ እንቁላሉን ወደ ጎን ገፋ ታደርግና በምትኩ በዘይት የተጠበሰውን ረጅም ሊጥ አንድ ጨምራ፣ ጥቁሩን ስጎ ቀብታ፣ የሽንኩርት ቅጠል ነስንሳ ትጠቀልልልኛለች። እኔ ደግሞ ከቦርሳዬ ሚጥሚጣ አወጣለሁ። አንድ ጠዋት አቀመስኳት፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ከዚያ እጇን እንደገና ዘረጋች። ወድጃታለሁ።

ብስክሌቱን ብታዪ ደግሞ ባህር ዳርን ትረሺያለሽ። ቢጫው ሰማያዊው በየጥጉ ተደርድሮ ቆሟል፣ ኮዱን በስልክሽ ስካን ስታደርጊ ቁልፉ ቀጭ ብሎ ይከፈታል፣ የደረስሽበት ታቆሚውና ትሄጃለሽ። ሽማግሌዎቹ ግን አሁንም የራሳቸውን ጥቁር ፍላይንግ ፒጅን ነው የሚነዱት፣ ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚሁ ከተማ የሚሠራ ነው። የሰማንያ ዓመት ሰው የሚመስሉ አሮጊት በደወል እያስጠነቀቁ ጥለውኝ ያልፋሉ። አንቺን አሰብኩሽ። እዚህ ብትሆኚ በብስክሌት ተንደርድረሽ የምትገቢበት ጁስ ቤት ፈልገሽ አታጪም ነበር፣ ያንን ቀን ባሰብኩ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ፣ ሰዉ ዘወር ብሎ ያየኛል፣ መቼም ሹሩባዬን ለማየትም መዞሩ አይቀርም። ማታ ማታ ሜዳው ላይ እናቶች ሙዚቃ ከፍተው በሰልፍ ይጨፍራሉ፣ አንዷ ሹሩባዬን እየነካካች ጎትታ አስገባችኝ። እስክስታ ላሳያቸው ሞከርኩ፣ ትከሻቸው እምቢ አለ።

ቤጂንግም ሄደን መጣን። 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ባቡሩ ውስጥ ፍጥነቱን የሚያሳይ ስክሪን አለ፣ በሰዓት 350 ኪሎ ሜትር ሲል ፎቶ አነሳሁ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላን ደረስን ማለት ይቻላል። አዳማ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደምንፈጅ አስቢው። ታላቁ ግንብ ላይም ወጣሁ። ደረጃው ጉልበት ይጨርሳል። ስለግንቡ ሁሉም ሰው ስለሚያወራ እኔ አላወራም፣ ፎቶ እልክልሻለሁ።

አሁን ይሄን እንዴት እንደምለው አላውቅም። ላቡ ውስጥ ዕቃው ሁሉ አለ፣ እኛ በወረቀት ላይ ብቻ የተማርነው ሁሉ፣ ሮቦቱ ክንዱን እያነሳ ሲያስቀምጥ ቆመሽ ታዪዋለሽ፣ ማንም «አትንኪ» አይልሽም። አንቺ ብትሆኚ ይሄን ጉድ በመጀመሪያው ቀን ጨርሰሽ ለሌላው ግሩፕ ታስረጂ ነበር። ተጠባባቂ አንደኛ ብለው ከስሜ ሥር የጻፉሽ ቀን አቅፈሽ እንኳን ደስ አለሽ ያልሽኝ አልወጣልኝም። ከዚያ ደወልኩ አላነሳሽም፣ ከዚያ አንቺ ሚስኮል አደረግሽ እኔ ምን እላታለሁ ብዬ ቀረሁ፣ ከዚያ ቪዛ ምናምን ሲሉኝ... እንዴ፣ አላወራም ብዬ አልነበር።

ትናንት የታይላንዱ ልጅ ይሄን የሚያውቅ ሰው ሀገራችሁ አለ ወይ አለኝ። ጓደኛዬ ታውቀዋለች አልኩት። ታዲያ እሷ ለምን አልመጣችም አለኝ። ፍል ውሃ ልቅዳ ብዬ ፔርሙዜን ይዤ ወጣሁ (ሙቀቱ 35 ሆኖም ሰዉ የሚጠጣው ፍል ውሃ ነው፣ እኔም ለመድኩ)። ስመለስ ረስቶታል።

ላኦሺን ስለሚቀጥለው ዙር ጠይቄዋለሁ። ስልኩ «ይቻላል» አለ፣ ሰውየው ግን ወደ ሰሌዳው ዞሮ ስለነበር ፊቱን አላየሁትም። ተስፋ ልስጥሽ ብዬ አይደለም የምነግርሽ፣ ጠይቄያለሁ ለማለት ነው።

በይ ጉዳዬ። ማሳያው ሐሙስ ነው። ቴሌግራም እዚህ ያለ ቪፒኤን አይከፍትም፣ ቪፒኤኑ ደግሞ የሚያዝልኝ ሌሊት ነው፣ ይሄንንም ኖት ላይ ጽፌ ነው እሱን የምጠብቀው፣ ለዚህ ነው እንዲህ የረዘመው። እኔ ጋ ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲሆን እናንተ ጋ ማታ ሦስት ሰዓት ነው፣ ያኔ ኦንላይን አለሁ። ገጾቹን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርገሽ ላኪያቸው፣ ካልሆነ ያ ቀጭን እርሳስሽ ይደበዝዝብኛል። ሁለቱንም ገጽ፣ ቡና የፈሰሰበትንም ጭምር፣ መስመሩ እሱ ጋ ይመስለኛል። መላክ ካልፈለግሽ ደግሞ አልልክም በይኝ፣ ስድብም ከጨመርሽበት እቀበላለሁ፣ ዝም ብቻ አትበይኝ።

የጫማሽን ቁጥርም ጻፊልኝ። እዚህ ከ40 በላይ የሴት ጫማ ማግኘት መከራ ነው፣ ያንቺን እግር ደግሞ አውቀዋለሁ፣ ፍለጋውን ከአሁኑ ካልጀመርኩ አይሆንም።

ያቺው ልማደኛሽ