ባለነጥብ ኖታን ከጭብጨባው እንጀምር

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቅርቡ ስለ ሙዚቃ ትምህርት ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ተማሪዎች ኖታ ሲያነቡ ምት የሚስቱት በመሣሪያ እጥረት ነው መባሉ ከፊል እውነት ቢኖረውም፣ እዚህ ጎንደር ወጣቶችን ሙዚቃ የማስተምር እንደመሆኔ የባሰ የሚጎዳው የአስተማመራችን ቅደም ተከተል ነው ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በባለነጥብ ኖታ ላይ ነው። ከኖታው በስተቀኝ የምትቀመጠው ነጥብ የኖታውን ቆይታ በግማሹ እንደምትጨምር ተማሪው ሁሉ በቃሉ ይዞታል፤ በ4/4፣ ማለትም በአንድ ባር (በአንድ የኖታ ክፍል) አራት ሩብ ኖታ በሚቆጠርበት ምት፣ ሁለት ምት የነበረው ግማሽ ኖታ ሦስት፣ ሩብ ኖታም አንድ ተኩል ይሆናል። ይሁን እንጂ ያው ተማሪ ባለነጥብ ሩብ ኖታንና ተከትላው የምትመጣውን የግማሽ ምት ስምንተኛ ኖታ ተጫወት ሲባል፣ ተኩሏ የት ላይ እንደምታበቃ ስለማይሰማው ወይ ሁለት ምት ሙሉ ይቆይባታል፣ አለዚያም ሁለቱን ኖታዎች እኩል አድርጎ ይመታቸዋል። «አንድ እና ሁለት እና» እያለ ምቱን ለሁለት ከፍሎ ቢቆጥር ግን ባለነጥቡ ኖታ እስከ «ሁለት» ድረስ ይዘልቅና ስምንተኛዋ በመጨረሻዋ «እና» ላይ ትወድቃለች።

እኔ ከዚህም አስቀድሞ መነሻው 6/8 ቢሆን እመርጣለሁ። እስክስታ የሚወረድባቸው ብዙዎቹ ዘፈኖቻችን በኖታ ሲጻፉ በዚህ ምት የሚጻፉ ሲሆን፣ በአንድ ባር ውስጥ ያሉት ስድስት ስምንተኛ ኖታዎች ሦስት ሦስት ሆነው ሁለት ትልልቅ ምቶች ይሰጣሉ፤ እያንዳንዱ ትልቅ ምት ደግሞ ራሱ ባለነጥብ ሩብ ኖታ ነው። የጎንደር ልጅ ይህን ምት ከሠርግ ቤት ይዞት ይመጣል። አንዱ ቡድን ስድስቱን በከበሮ ላይ ቀስ ብሎ ሲመታ ሌላው ሁለቱን ብቻ እንዲያጨበጭብ ቢደረግ፣ ክፍልፋይ ያስጠላው ተማሪ እንኳ ነጥቧ የጨመረችውን በጆሮው ያገኘዋል። ለዚህ ፒያኖ አያስፈልግም።

በከተማችን ልዩ ትኩረት የሚሹት ከአብነት ትምህርት ቤት የሚመጡ ልጆች ናቸው። በድጓ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ፣ የዜማው ምልክት ከቃሉ በላይ ይጻፋል፣ ነጥብ መሳይዋ ይዘትም ከምልክቶቹ አንዷ ናት። በዚህ ለሰለጠነ ዓይን፣ ከኖታው በላይ ወይም በታች የምትውለው ነጥብ ስታካቶ ሆና ድምፁን እንደምታሳጥር፣ በስተቀኝ ያለችው ግን እንደምታስረዝም ከመጀመሪያው ሊነገረው ይገባል። (እነዚህ ልጆች በቃል በመያዝ ሌሎቹን የሚያስከነዱ በመሆናቸው ማስረዳቱ ብዙ ጊዜ አይወስድም።) ሁለት ነጥብ ያለው ኖታ ለጀማሪ ይቆየው።

የዝግጅት ክፍላችሁም ወደፊት የኖታ ምሳሌ ሲያትም፣ ከ4/4 ጎን አንድ የ6/8 መስመር እንዲያክልበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የሙዚቃ መምህር
ከጎንደር