አሚያንቶ ለሚያነሱ ልጆቻችን የሥልጠና ክፍያ እናዋጣ

ወገኖች፣

ይህን ጥሪ የምንጽፍላችሁ ከሲሲሊ ነው። ካታኒያና ፓሌርሞ ያለን ሐበሾች አንድ ነገር ጀምረናል፤ ብቻችንን ግን አንወጣውም።

ከቲማቲም ለቀማ ይሻላል ብለው ግንባታ ሥራ የገቡ ልጆች አሉን። አንዳንዶቹን አሠሪው የሚልካቸው አሮጌ ጣሪያ ለማፍረስ ነው። ጣሪያው ብዙ ጊዜ ኢተርኒት ነው፤ ግራጫ፣ እንደ ቆርቆሮ ሞገድ ያለው፣ ከሲሚንቶና ከአሚያንቶ የተሠራ። አሚያንቶ ማለት አስቤስቶስ፣ ክር ክር ያለ ማዕድን ነው። በመዶሻ ሲመቱት ስባሪው ጠርዝ ላይ ነጭ ክር ተንጨፍርሮ ይታያል። ሳንባ ውስጥ የሚገባው ግን ያ አይደለም። ሳንባ የሚገባው ብናኝ በዓይን አይታይም፣ አይሸትም፣ ወዲያው አያምም። ልጆቹ ደግሞ የሚያስሩት ከኮሮና ጊዜ የተረፈውን ስስ ማስክ ነው። እሱ ለዚህ ምንም አይፈይድም።

ጣልያን አሚያንቶን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ማምረቱም መሸጡም ቆመ፤ ድሮ የተሠራው ግን እስካሁን ጣሪያ ላይ አለ። ሲሲሊ ውስጥ ሲራኩዛ ላይ የኢተርኒት ፋብሪካ ነበር። በመርከብ መሥሪያውና በነዳጅ ማጣሪያዎቹም ቧንቧና ቦይለር የሚሸፈነው በአሚያንቶ ነበር። የቢያንካቪላ ነገር ደግሞ ይለያል። በኤትና ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት፤ የአሚያንቶ ፋብሪካ አልነበረባትም። ከሞንቴ ካልቫሪዮ በወጣ ድንጋይ ቤት ሲሠሩ ኖሩ፤ ድንጋዩ ውስጥ የአስቤስቶስ ዘመድ የሆነ ማዕድን ነበር። የታወቀው ሜሶቴሊዮማ በሚባል ካንሰር የሚሞተው ሰው በዝቶ ሲጠና ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ2014 ማዕድኑን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

ሜሶቴሊዮማ የሳንባን ሽፋን የሚይዝ ካንሰር ነው። ፈውስ አልተገኘለትም። ከዚያ ሌላ የሳንባ ካንሰር አለ፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሠራተኛ ላይ አደጋው በብዙ እጥፍ ይብሳል። ሳንባ እየጠነከረ ትንፋሽ የሚያሳጥረው አስቤስቶሲስም አለ። ተንኮሉ ጊዜው ነው። ሜሶቴሊዮማ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው። ዛሬ 25 ዓመቱ የሆነ ልጅ የሚታመመው ልጆቹን ሊድር ሲደርስ ነው ማለት ነው። የሥራ ልብስ ቤት ይዞ መሄድም ሌላ ጣጣ አለው። የባሎቻቸውን ቱታ እያራገፉ ያጠቡ ሴቶች ፋብሪካ ሳይረግጡ ታመው ሞተዋል።

ሕጉ ጥሩ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከብዙ አገር ይሻላል። አሚያንቶ የሚያነሳ ሠራተኛ የ30 ሰዓት ሥልጠና ወስዶ፣ ተፈትኖ፣ ወረቀት መያዝ አለበት። ድርጅቱም የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ዕቅዱን ለጤና ቢሮ ያቀርባል። ኔሮ፣ ማለትም ያለ ውል በድብቅ፣ የሚያሠራ ሰው ግን ይህን ሁሉ አያውቅም፣ ወይም አውቆ ይተወዋል።

እኛ ያሰብነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ለመጀመሪያው ዙር 12 ልጆች የሥልጠናውን ክፍያ መሸፈን፣ ለእያንዳንዳቸውም ፊታቸውን በደንብ የሚገጥም ማስክና የሚጣል ቱታ መግዛት ነው። ለአንድ ልጅ ሁሉም ተደምሮ 300 ዩሮ ይፈጃል፤ በጠቅላላው 3,600 ዩሮ። ሥልጠና የወሰደ ልጅ ሰሌዳው ሳይሰበር በውኃ ርሶ መነሳት እንዳለበት ያውቃል። ከሁሉም በላይ ግን «ይህን እንዲህ አልሠራም» ለማለት አፍ ያገኛል። ለእኛ ትልቁ ነገር እሱ ነው።

ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አይረዳውም። ለእያንዳንዱ ልጅ ፋይል እንከፍትለታለን። የት ሠራ፣ መቼ፣ ለማን፣ የጣሪያው ፎቶ፣ ቡስታ ፓጋ (የደመወዝ ወረቀት) ካለው ኮፒው። የሥራ አደጋ መድኑ ኢናይል ከአሚያንቶ የመጣ በሽታን ያውቃል፤ አሠሪው መዋጮ አልከፈለም ተብሎም ሠራተኛው አይቀጣም። ግን ከ30 ዓመት በኋላ «እዚያ ሠርቻለሁ» የሚለውን ማስረዳት የታመመው ሰው ዕዳ ነው። ያኔ አሠሪው ዘግቶ ሄዷል፣ ምስክሩም አገር ቀይሯል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የምንለው ለዚህ ነው።

«መጀመሪያ ለታመሙት አትደርሱም ወይ?» ያሉን አሉ። ለታመመ ሰው እድራችን አለ፤ እሱ አይቋረጥም። ይህ ለብቻው የሚያዝ ገንዘብ ነው። ልጆቹን ወደዚህ ሥራ ግቡ እያልን እንዳልሆነም ይታወቅልን። የገቡት ገብተዋል።

ከ5 ዩሮ ጀምሮ የቻላችሁትን ስጡ። ሚላኖ፣ ሮም፣ ጀርመን፣ አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶቻችን ተሰባስባችሁ አንድ ልጅ ብታስተምሩ ደስ ይለናል። እዚህ ያላችሁ ለእድሩ ገንዘብ ያዥ በእጅ መስጠት ትችላላችሁ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ ግን አትሂዱ። ሒሳቡ በየወሩ በእድሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል።

ገንዘብ የሌላችሁም ሥራ አለላችሁ። ሥልጠናውም ፈተናውም በጣልያንኛ ነው፤ የልጆቹ ጣልያንኛ ደግሞ ገና የገበያ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ የሚያስጠናቸው ሰው እንፈልጋለን። ቡናው ከእኛ።