ይድረስ ለማርታ፦ ስለ እትዬ መርፌ

ማርቲዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ከተጠፋፋን ስንት ጊዜ ሆነን! ናፍቀሽኛል። ትናንት ፒያሳ ታናሽ ወንድምሽን ባጃጅ ሲጠብቅ አገኘሁትና ስለ እትዬ ነገረኝ። ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ኦፕራሲዮን ተደርገው አሁን ቤት ገብተዋል አለኝ። እግዚአብሔር ይማርልን። «ማርታ በየቀኑ ሆዳቸው ላይ መርፌ ትወጋለች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል» ሲለኝ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። አጥንት ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ ይህን መርፌ ለስንቱ ቤተሰብ አሳይቻለሁ፤ ላንቺማ እንዴት ይቅር?

ኢኖክሳፓሪን ነው አይደል? ሳጥኑ ላይ ክሌክሳን የሚል ስም ሊኖረውም ይችላል። ዳሌው ተሰብሮ የተኛ ሰው እግሩ ውስጥ ደም ይዘገያል፣ ይረጋል። የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ከደረሰ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። መርፌው የሚሰጠው ይህ እንዳይመጣ ነው። ከዳሌ ኦፕራሲዮን በኋላ እስከ 35 ቀን ድረስ ሊታዘዝ ይችላል። ስለዚህ እትዬ በምርኩዝ ጓሮ መውጣት ሲጀምሩ «በቃ ዳኑ» ብለሽ እንዳታቆሚው። የሚያቆመው ያዘዘው ሐኪም ነው።

አወጋጉን ልንገርሽ። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፤ እትዬ ጋደም ይበሉ። ከእምብርታቸው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርገሽ ወደ ጎን ያለውን ሥጋ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገሽ ያዢ። ጠባሳና የጠቆረ ቦታ ላይ አትውጊ። ሲሪንጁ ውስጥ ትንሽ የአየር አረፋ ታያለሽ፤ እሷን ላስወጣ ብለሽ አትግፊ፣ መድኃኒቱ አብሮ ይፈስሳል። (የታዘዘው ከሲሪንጁ ሙሉ መጠን ያነሰ ከሆነ ብቻ ትርፉን እንዴት እንደምታስወጪ ፋርማሲስቱ ያሳይሽ።) መርፌውን ቀጥ አድርገሽ እስከ መጨረሻው አስገቢ፣ ቀስ ብለሽ ግፊ። የቆነጠጥሽውን ሥጋ መርፌው እስኪወጣ አትልቀቂ። ከዚያ አትሺው! ሁሉም ሰው እጁ ወደ ማሸት ይሄድበታል፤ ያን ጊዜ ነው ሆድ የሚበልዘው። ዛሬ ቀኝ ከሆነ ነገ ግራ፣ ሰዓቱም ሁሌ አንድ ይሁን። አንድ ቀን ካመለጠሽ በማግስቱ ሁለቱን ደርበሽ እንዳትሰጪ፤ ደውለሽ ጠይቂ።

የአዳማን ሙቀት ታውቂው የለ፤ መድኃኒቱ ከ25 ዲግሪ በታች ይፈልጋል። መስኮት ላይ አይቀመጥ፣ ፍሪዘር ውስጥም አይግባ። ያገለገለውን መርፌ ክዳኑን መልሰሽ አትክደኚ። ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ አጠራቅመሽ ጤና ጣቢያ ውሰጂላቸው፣ ሴፍቲ ቦክስ አላቸው። ቆሻሻ የሚያነሱትን ልጆች አስቢ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ጠያቂው ነው። አዳማ እንደ ሀዋሳ ነው፤ ሰው ሲታመም ቤቱ ይሞላል፣ ሁሉም መድኃኒት ያውቃል። አንዷ «ለእኔ ቁርጥማት ፍቱን ነው» ብላ ዳይክሎፌናክ ታመጣለች። ሌላው አይቡፕሮፌን፣ ሌላው አስፒሪን። እነዚህ ከዚህ መርፌ ጋር ሲደረቡ ጨጓራ ሊያደሙ ይችላሉ። ቂጥ ላይ የሚወጋ የሕመም ማስታገሻም ጡንቻ ውስጥ ደም ሊያጠራቅም ስለሚችል ይቅር። ስለ ሕመማቸው ሐኪሙን አማክሪ፤ ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል ይበቃል። እትዬ ከዱሮ ለልብ ወይም ለስትሮክ አስፒሪን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ራስሽ አታቋርጪ፣ ለሐኪሙ ንገሪው። የቅጠል መድኃኒትም እንዲሁ። ዋጌሻ ጠርተው እግራቸውን እንዲያሹላቸው የሚሉሽ ካሉ በእኔ ስም እምቢ በዪ። ደም የረጋበት እግር አይታሽም።

ውድ መሆኑን አውቃለሁ፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ፍለጋ ጀምሪ። አንዱ ፋርማሲ «ይሄም ያው ነው» ብሎ ሄፓሪን በብልቃጥ ቢሰጥሽ ሐኪሙን ሳትጠይቂ አትቀበዪ። መጠኑም አሰጣጡም ሌላ ነው፣ በቀጥታ አይተካካም።

አንድ ነገር ደግሞ። ይህ መድኃኒት የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ በእሳቸው ዕድሜ ኩላሊት ሊደክም ስለሚችል መጠኑ የሚቀነስበት ጊዜ አለ። ክሪያቲኒን (የኩላሊትን አቅም የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱት የደም ሕዋሳት ቆጠራ) ተሠርቶላቸው ከሆነ ወረቀቱን ፈልጊ። ካልተሠራ በቀጠሯቸው ቀን ጠይቂ፤ መብትሽ ነው፣ ማንም አይቆጣሽም።

ሆዳቸው ላይ ትንሽ ብልዝ ብታይ አትደንግጪ። ነገር ግን ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሽንታቸው ከቀላ፣ ነስር አልቆም ካለ፣ ወይም ኃይለኛ ራስ ምታት ከያዛቸው ወደ ሆስፒታል። ወድቀው ጭንቅላታቸውን ከተመቱም «ምንም አልሆንኩም» ቢሉሽ እንኳ ይታዩ። አንዱ እግር ብቻ አብጦ ከሞቀና ካመማቸው፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠራቸውና ደረታቸውን ከወጋቸው ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቂ።

ወንድምሽ፣ እትዬ ለታኅሣሥ ገብርኤል ሀዋሳ መምጣት አምሯቸዋል አለኝ። ሐኪሙ ከፈቀደ ደስታዬ ነው፣ ማረፊያችሁ እኛ ቤት ነው። ብቻ መንገዱን በአንድ ትንፋሽ አትምጡት። ዝዋይም ሻሸመኔም ውረዱና ትንሽ ይራመዱ፣ ውሃም ይጠጡ፤ እግር አጥፎ ብዙ መቀመጥ ራሱ ደም ያረጋል።

እሑድ ከሰዓት እደውልልሻለሁ። የመድኃኒቱን ሳጥንና የክሪያቲኒኑን ወረቀት አጠገብሽ አድርጊ፣ አብረን እናየዋለን። እትዬን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

የአንቺው ሰላማዊት
ከሀዋሳ