«ቁጥሩን ካነበባችሁ በኋላ ምን ቀረ?» ለሚሉን ደንበኞቻችን

ይድረስ ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። በጋራዣችን በር ላይ ደጋግመን የምንሰማው አንድ ቅሬታ አለ። «ቼክ ኢንጅን (የሞተር ብልሽት ማስጠንቀቂያ መብራት) በራብኝ፤ ኮምፒውተር ሰክታችሁ በአምስት ደቂቃ ቁጥሩን አነበባችሁ። ታዲያ የሁለት ሰዓት ሒሳብ ከየት መጣ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መኪና እየገባና እየወጣ ቆመን ስንመልሰው ግን ግማሹ ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ ቁጭ ብለን ጻፍነው።

ኮምፒውተሩ የሚያወጣው ቁጥር ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። «ፒ 0171» ሲል የሚነግረን ከገባው አየር አንጻር ነዳጁ አንሷል ብሎ ብቻ ነው። ያልተለካ አየር በሆነ ቀዳዳ ሾልኮ ገብቶ ይሁን፣ የነዳጅ ፓምፑ ደክሞ፣ ማጣሪያው ተደፍኖ ወይም የአየር መለኪያው ቆሽሾ፣ እሱን ፈልጎ ማግኘት የእኛ ድርሻ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የ2003 ሞዴል ኮሮላ በዚሁ ቁጥር መጣ። ባለቤቱ ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት ሌላ ቦታ የኦክስጅን ሴንሰር ተቀይሮላቸዋል፤ መብራቱ አልጠፋ ሲል ሁለተኛ ተቀይሮላቸዋል። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ በራ። እኛ ቁጥሩን አይተን አለፍነውና የመኪናው ኮምፒውተር በራሱ ፈቃድ ምን ያህል ነዳጅ እየጨመረ እንደሆነ የሚያሳየውን ገጽ ከፈትን። በጤነኛ መኪና ይህ ማስተካከያ፣ ሲጨምርም ሆነ ሲቀንስ፣ ከ10 በመቶ ባያልፍ ደስ ይለናል። በዚህኛው ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ) ሲሠራ 24 በመቶ ጭማሪ ያሳያል። ነዳጅ ሰጠት አድርገን በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ስናቆየው ወደ 6 ወረደ።

እዚህ ላይ ግማሹ መንገድ አለቀ። ፓምፑ ወይም ማጣሪያው ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ብዙ በጠየቀ ቁጥር እጥረቱ ይብስ ነበር። በሚኒሞ ብሶ ዙር ሲጨምር የሚሻለው አብዛኛውን ጊዜ የአየር ስንጥቅ ነው። በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ቀዳዳ እንኳ ልኩን ታዛባለች፤ ዙሩ ሲጨምር ግን ከብዙው አየር መካከል አትታወቅም። ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ባለ እጥፋት የጎማ ቱቦ በእጃችን ጠመዝዝ አደረግነው። ከላይ ለሚያየው ደህና ነበር። ከሥሩ፣ ሁለተኛው እጥፋት ውስጥ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የሚያህል ስንጥቅ አፉን ከፈተ። ሃያ ዓመት የሞተር ሙቀት የጠበሰው ጎማ ነው። ሁለቱ ሴንሰሮች የተገዙበት ገንዘብ ስንት ቱቦ እንደሚገዛ እናንተው አስሉት።

የባሰ ያረጁትን መኪኖች በተመለከተ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ መኪኖች ከ1996 ሞዴል ወዲህ፣ በአውሮፓ ደግሞ የቤንዚን መኪኖች ከ2001 ወዲህ፣ አንድ ዓይነት ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያ አላቸው። የዘጠናዎቹ የጃፓን መኪኖች ግን ብዙዎቹ ይህ የላቸውም፤ ስካነራችን ለእነሱ ባዳ ነው። በብዙዎቹ ቶዮታዎች ላይ ኮፈኑን ስትከፍቱ ክዳኑ ላይ «ዲያግኖሲስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ሳጥን ታያላችሁ። በውስጡ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ አገናኝተን፣ ሞተሩን ሳናስነሳ ቁልፉን ስንከፍት፣ መብራቱ ራሱ ይናገራል። ሦስት ጊዜ ብልጭ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ አንድ ጊዜ ብልጭ ካለ ቁጥሩ 31 ነው። የተመዘገበ ብልሽት ከሌለ ሳያቋርጥ በእኩል ልክ ብልጭ ብልጭ ይላል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መቁጠር ነው፤ እኛ ጋ ይህን ሥራ የሚወዱት በዕድሜ የገፉት ባለሙያዎቻችን ናቸው። እባካችሁ ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ሽቦው ቀዳዳ ተሳስቶ ከገባ ለኮምፒውተሩ መቃጠል ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ይህ 31 የሚባለው ቁጥር፣ የአየር ግፊት ሴንሰር ባላቸው ቶዮታዎች ላይ የዚሁ ሴንሰር ምልክት ተበላሽቷል ማለት ሲሆን፣ ስንት ደህና ሴንሰር አስጥሏል! ሞተሩ ሳይነሳ ሴንሰሩ የሚያነበው የአካባቢውን የአየር ግፊት ነው። በባሕር ወለል ደረጃ ይህ 100 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይሆናል፤ ብዙ መጽሐፍም የሚያስቀምጠው ይህንኑ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች እዚህ ትክክለኛው ንባብ 76 አካባቢ ነው፤ አዳማ ብትወርዱ 82 ገደማ። 76 አይቶ «ሴንሰሩ ሞቷል» ያለ ሰው ደንበኛውን አዲስ እንዲገዛ ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ይልከዋል። እውነቱን ለመናገር እኛም በጀማሪነታችን አንድ እንዲህ አስለውጠናል። የኋላ ኋላ ስናየው ጥፋቱ የሴንሰሩ ሶኬት ውስጥ የዛገ አንድ እግር ነበር።

በነገራችን ላይ፣ የካርቡራተር ዲኤክስ (ነዳጁ ያለ ኮምፒውተር የሚቀላቀልበት የድሮ ቶዮታ) የያዛችሁ ደንበኞቻችን ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም። የእናንተን ችግር በጆሮና በአፍንጫ እናገኘዋለን።

አሁን ስለ አደጋው። መብራቱ ብልጭ ድርግም ሳይል ከበራ፣ የሙቀት መለኪያው ልኩ ላይ ካለና የዘይት መብራት ካልበራ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ቤት ወይም ወደ እኛ መንዳት ትችላላችሁ። እየሄዳችሁ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ነዳጅ ቀንሱ፣ ዳር ያዙ፣ ደውሉልን። ያ ማለት ከሲሊንደሮቹ አንዱ በትክክል እያቃጠለ አይደለም፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ መውጫው ውስጥ ገብቶ ካታሊስቱን (ጭሱን የሚያጣራውን ዕቃ) ያግለዋል፣ ሲብስም ያቀልጠዋል። የካታሊስትን ዋጋ የጠየቀ ሰው ለምን እንደምንለምን ይገባዋል።

ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው መኪና የሚመጣልን ከላቫጆ በኋላ ነው። ሞተሩ በኃይለኛ ውኃ ሲታጠብ ውኃው ካንዴላዎቹ ወደተቀመጡበት ጉድጓድ ይወርድና ኮይሉ (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዕቃ) በትክክል እንዳይሠራ ያደርገዋል። በዚያ ቀን «ፒ 0302» ቢመጣ ሁለተኛው ሲሊንደር ነው ማለት ነው። የሁለተኛውን ኮይል ከሦስተኛው ጋር እንለዋውጣለን። ቁጥሩ ወደ 0303 ከተዛወረ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው፤ እዚያው ከቀረ ካንዴላውን፣ ኢንጀክተሩን፣ በመጨረሻም የሲሊንደሩን እመቃ እንለካለን። ምንም ሳይገዛ በአሥር ደቂቃ የሚለይ ነገር ነው።

ከእናንተ የምንለምነው አንድ ነገር አለ፤ ከመምጣታችሁ በፊት የባትሪውን ገመድ ነቅላችሁ መብራቱን አታጥፉት። አዎ፣ ይጠፋል፤ በማግሥቱ ወይም በሳምንቱ ይመለሳል። በዘመናዊዎቹ ላይ ኮምፒውተሩ መብራቱን ባበራበት ቅጽበት የነበረውን ሙቀት፣ ዙርና ፍጥነት መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ገመዱ ሲነቀል ያ መዝገብ አብሮ ይጠፋል፣ እኛም ከዜሮ እንጀምራለን። ይልቅስ መቼ እንደበራ አስታውሱልን። ነዳጅ ከተቀዳ በኋላ ነው? በዝናብ? ሽቅብ ሲወጣ? አንድ ደንበኛችን ልጃቸውን ትምህርት ቤት ሲያደርሱ ብቻ እንደሚበራ ነግረውን በአንድ ጠዋት አገኘነው። ከአሜሪካ የመጣ መኪና ከሆነ ደግሞ የነዳጅ ክዳኑን እስኪጮህ ድረስ አዙሩት፤ በእነዚያ ላይ ያልጠበቀ ክዳን ብቻውን መብራት ያስበራል።

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ስትሄዱም ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተሩን ሳታስነሱ ዳሽቦርዱን እዩ። የቼክ ኢንጅን መብራቱ በዚያን ጊዜ ሊበራ ይገባል። ካልበራ አምፖሉ ተነቅሏል ወይም ከጀርባው ተሸፍኗል፤ ዋጋውን ከመከራከራችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

ስለ ሒሳቡ እንዲህ ወስነናል። ቁጥር ማንበብ ለነባር ደንበኞቻችን በነጻ ነው። ምርመራው በሰዓት ይታሰባል፤ ስንት ሰዓት ሊወስድ እንደሚችል ቀድመን እንነግራችኋለን፣ ከዚያ ካለፈ ሳናስፈቅድ አንቀጥልም። ጥገናውን እኛ ጋ ካሠራችሁ የምርመራው ግማሽ ከሒሳቡ ይቀነሳል። የተቀየረው አሮጌ ዕቃ በእጃችሁ ይሰጣል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ብዙዎቻችሁ ያላችሁን መኪና ለረጅም ጊዜ ለማቆየት እንደምታስቡ እናውቃለን፤ በግምት ዕቃ እየለወጡ ማቆየት ደግሞ አያዋጣም።

ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ብቻ የሚታይ ችግር ካለባችሁ መኪናውን ከዋዜማው አምጥታችሁ ግቢያችን አሳድሩት። እናንተ ነድታችሁ ስትደርሱ ሞተሩ ሞቆ ምልክቱ ይጠፋብናል። ለማሳደሪያ አናስከፍልም፤ ዘበኛም አለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለቤትና ሠራተኞች
አዲስ አበባ