የሰፈራችንን ፐብ አብረን እንግዛው፦ የድጋፍ ጥሪ

ውድ ወገኖች፣

ሊድስ ውስጥ በሰፈራችን ያለው ፐብ (የሰፈር መጠጥ ቤት) ለሽያጭ ቀርቧል። ጎረቤቶቻችን ገንዘብ አዋጥተው ሊገዙት ተነስተዋል። እኛም በእድራችን በኩል አብረናቸው ገብተናል። ይህን ጥሪ የምናቀርበው በእንግሊዝም በሌላ አገርም ያላችሁ ሀበሾች የአቅማችሁን እንድታግዙን ነው።

«ለመጠጥ ቤት ነው እንዴ ገንዘብ የምትጠይቁን?» የሚል ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከመካከላችን ሙስሊም አለ፣ ፕሮቴስታንት አለ፣ ጾሙን አጥብቆ የሚይዝ ኦርቶዶክስ አለ። የኮሚቴያችን ጸሐፊ ራሷ አልኮል የሚባል ነገር ቀምሳ አታውቅም። ግን ይሄ ቤት ሰው ለመስከር ብቻ የሚሄድበት ቦታ አይደለም። ከጠዋት ጀምሮ ሻይና ቡና አለ። እሁድ እሁድ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ መጥቶ የተጠበሰ ሥጋ ከድንችና ከአትክልት ጋር ይበላል። ጡረታ የወጡ ሰዎች ጋዜጣቸውን ይዘው ግማሽ ቀን ይቀመጣሉ፤ ማንም ተነሱ አይላቸውም። በሳምንት አንድ ማታ የጥያቄና መልስ ውድድር አለ፤ የእኛ ልጆችም ቡድን አላቸው። ፎቅ ላይ ያለው ክፍል ደግሞ የእኛው ነው ማለት ይቻላል። እድራችን የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ቅዳሜ ልጆቻችን ፊደል የሚቆጥሩት እዚያ ነው። ሰው ሲሞትብን ለቅሶ የተቀመጥነውም እዚያ ነው። ኪራይ ተጠይቀን አናውቅም።

ብዙዎቻችን ወደዚህ ከተማ የመጣነው መርጠን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የስደተኞች ሕግ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ከለንደንና ከደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ እያወጣ ወደ ሌሎች ከተሞች መመደብ ጀመረ። ሊድስ አንዷ ነበረች። ዘመድ የለ፣ ሥራ አይፈቀድ፣ ክፍሉ ብርድ ነው። ያኔ ያለ ቀጠሮና ያለ ወረቀት ገብተን የምንቀመጥበት ሞቅ ያለ ቤት ይሄ ነበር። ሐኪም ዘንድ እንዴት እንደምንመዘገብ የነገሩን፣ ከካውንስል (ከአካባቢው አስተዳደር) የመጣ ደብዳቤ ያነበቡልን፣ የት ፋብሪካ ሰው እንደሚፈልግ የጠቆሙን እዚያ የተዋወቅናቸው እንግሊዞች ናቸው። ዛሬ ገንዘብ አዋጡ ብለው ሲጠሩን ዝም ማለት አንችልም።

ቤቱ ለሽያጭ የቀረበው ሰው ጠልቶት አይደለም። አርብ ማታ ብቅ ያለ ሰው ይህን ያውቃል። ወጪው ነው ያልተቻለው። የእንግሊዝ ፐቦች መመናመን ዛሬ የጀመረ ነገር አይደለም። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በ2018 ባወጣው ጥናት በ10 ዓመት ውስጥ ከ11 ሺህ በላይ ፐቦች ተዘግተዋል። ከአራቱ አንዱ ገደማ ማለት ነው፤ የበዙትም ትንንሾቹ ናቸው። ሱፐርማርኬት ቢራን በርካሽ ይሸጣል፤ ሰው ገዝቶ ቤቱ ይገባል። ከ2007 ጀምሮ በእንግሊዝ ፐብን በመሰሉ ሕዝብ የሚገባባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስ ተከለከለ፤ ለጤናችን ደግ ሆነ፣ ግን የቀረ ደንበኛ አለ። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ለዓመታት የቢራ ታክስ ከዋጋ ንረቱ በላይ እየጨመረ ሄደ። በማርች 2020 በኮቪድ ምክንያት ሁሉም ፐብ በአንድ ማታ ተዘጋ።

ያንን ያለፉት በ2022 ሌላ መከራ ጠበቃቸው። የጋዝና የመብራት ዋጋ ጣሪያ ነካ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የዋጋ ንረቱ 11.1 በመቶ ደረሰ፤ በ41 ዓመት ውስጥ ያልታየ ነበር። ለመኖሪያ ቤት የመብራት ዋጋ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ገደብ ያበጅለታል። ለንግድ ቤት ግን እንዲህ ያለ ገደብ የለም። ፐብ ደግሞ የቢራ ማቀዝቀዣው ሌት ተቀን ይሠራል፤ ማድ ቤቱ አለ፣ ማሞቂያው አለ።

ከዚያ ኤፕሪል 2025 መጣ። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከ11.44 ወደ 12.21 ፓውንድ ከፍ አለ። በዚህ ደስ ብሎናል፤ ስንቶቻችን የምንኖረው በዚያ ክፍያ ነው! ግን በዚያው ወር ቀጣሪው ለመንግሥት የሚከፍለው ናሽናል ኢንሹራንስ የሚባለው መዋጮ ከ13.8 ወደ 15 በመቶ አደገ። ክፍያው የሚጀምርበት የዓመት ደመወዝም ከ9,100 ወደ 5,000 ፓውንድ ወረደ። በዚህ ምክንያት በሳምንት ሁለት ቀን ገደማ ብቻ ለሚሠራ ሰው ሳይቀር፣ ዕድሜው 21 ከሞላ፣ ይከፈላል። በእንግሊዝ ከንግድ ቤት ግብር ላይ ይቀነስ የነበረው 75 በመቶም ወደ 40 ዝቅ አለ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የመጣው። ታዲያ ፐቡ ምን ያድርግ? ዋጋ ቢጨምር የቤት ኪራዩና አስቤዛው ያንገዳገደው ደንበኛ ይቀራል። ባይጨምር ይከስራል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በብዙ ቦታ ፐቡን የሚያስተዳድረው ሰው የቤቱ ባለቤት አይደለም። ትልቅ ኩባንያ ያከራየዋል። ውሉ ቢራውንም ከዚያው ኩባንያ እንዲገዛ ያስገድደዋል፤ ብዙ ጊዜ ከገበያው በሚበልጥ ዋጋ። ይህን ለመቆጣጠር በ2016 ደንብ ወጥቷል፤ አሠራሩ ግን አልቀረም። የእኛን ፐብ የምታስተዳድረው ሴትም በዚህ ዓይነት ውል ነው የኖረችው። ቀንም ማታም ሠርታ ለራሷ የሚተርፋት አልነበረም። አሁን ኩባንያው ቤቱን ሊሸጥ ነው። እኛ ብንገዛው ያ ውል ይቀራል። ቢራውን ከፈለግንበት ጠማቂ በሚያዋጣን ዋጋ እንገዛለን። ይህ አንድ ነገር ብቻውን ሂሳቡን ይለውጠዋል ብለን እናምናለን።

በ2011 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ለሰፈር ሰው አንድ ዕድል ሰጥቷል። ለማኅበረሰቡ የሚጠቅም ቤት በካውንስሉ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ማመልከት ይቻላል። ከሰፈረ በኋላ ባለቤቱ ሊሸጥ ሲነሳ ሰፈርተኛው «እኛም እንፈልገዋለን» ካለ፣ ገንዘብ እንዲያሰባስብ ሽያጩ ስድስት ወር ይታገዳል። የእኛ ፐብ ተመዝግቧል፤ ጊዜውም መቁጠር ጀምሯል። ሕጉ የሚሰጠን ጊዜ ብቻ ነው፤ ሻጩን ለእነሱ ሽጥ ብሎ አያስገድደውም። ስለዚህ ገንዘቡን ይዘን መቅረብ አለብን። ካልሆነ ገዢው ሕንፃውን አፓርታማ ለማድረግ ማመልከቱ አይቀርም። አንዴ አፓርታማ ከሆነ ደግሞ ተመልሶ ፐብ አይሆንም።

ሌሎች አድርገውት አይተናል። በኩምብሪያ ሄስኬት ኒውማርኬት የምትባል ትንሽ መንደር ኦልድ ክራውን የሚባለውን ፐቧን በ2003 ገዛች፤ እስከ ዛሬ በአርአያነት ይጠቀሳል። በደቡብ ለንደን ነንሄድ አይቪ ሃውስን በ2011ዱ ሕግ ተጠቅመው ያዳኑት ነዋሪዎቹ ናቸው፤ በ2013 በኅብረት ሥራ ተከፈተ። እኛን ከሁሉ የሚያበረታን ግን በብራይተን ያለው ቤቪ ነው። ያለው ብዙ ገቢ በሌለበት የካውንስል ቤቶች ሰፈር ነው። ፖሊስ ያስዘጋው ቤት ነበር። ሰፈርተኛው ሼር ገዝቶ በ2014 መጨረሻ መልሶ ከፈተው። ዛሬ አረጋውያን ተሰብስበው ምሳ ይበሉበታል። ሀብታም ሰፈር ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርገው ለሚል ሰው ቤቪ በቂ መልስ ነው።

አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ልክ እንደ እድር ነው። የማኅበረሰብ ጥቅም ማኅበር ተቋቁሟል። ዝቅተኛው ሼር 50 ፓውንድ ነው። 50 የከፈለም 5,000 የከፈለም ድምፁ አንድ ነው። ይህ ትርፍ የሚታፈስበት ነገር እንዳልሆነ ግን በግልጽ እንናገራለን። የሼሩ ዋጋ አያድግም። ከሦስት ዓመት በኋላ ገንዘባችሁን ማውጣት ብትፈልጉ ማኅበሩ አቅም ካለው ይመልሳል። ሥራው ከከሰረ ያስገባችሁትን ልታጡ ትችላላችሁ፤ ከዚያ በላይ ግን ዕዳ አይመጣባችሁም። ለወር አስቤዛችሁ ወይም ለኪራይ የያዛችሁትን ገንዘብ እባካችሁ አታምጡ። ሼር ሳትፈልጉ በስጦታ መስጠትም ይቻላል፤ 5 ፓውንድም ትቆጠራለች።

የሚያስፈልገው በጠቅላላው 380 ሺህ ፓውንድ ነው። አብዛኛው ለቤቱ ግዢ ይውላል። ቀሪው የሚያፈሰውን ጣሪያ ለመጠገን፣ ማድ ቤቱን ለማደስና ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራ ማስኬጃ ነው። እስካሁን ከግማሽ በላይ ተሰብስቧል። ያዋጡት ነርሶች፣ አስተማሪዎች፣ የአውቶቡስ ሾፌሮች፣ ጡረተኞች ናቸው። ከእድራችን አባላትም በአረጋውያን መንከባከቢያና በዌርሃውስ የሚሠሩ ብዙዎች ሼር ገዝተዋል።

እኛም የምናስገባው ነገር አለ። ማድ ቤቱ ሲታደስ የእኛ ምግብም ይቀርባል፤ ረቡዕና አርብ የጾም በየዓይነቱ እንዲኖር ተስማምተናል። እንግሊዞቹ ራሳቸው ናቸው የጠየቁት፤ ሽሮውን በእድራችን ዓመታዊ በዓል ቀምሰው ወደውታል። ቡና የሚፈላበት ጥግም ይኖራል። አልኮል የማይጠጣ ሰው እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ቤቱ ደንበኛ የሚቀመጥበት ቦታ እንዲሆን በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ላይ አጽፈናል።

ገንዘብ የሌለው ሰው በሙያው ሊያግዝ ይችላል። ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ቧንቧ የሚያውቅ፣ ቀለም የሚቀባ፣ ሂሳብ የሚይዝ እንፈልጋለን። የምግብ ንጽህና ሰርተፍኬት ያላችሁ እናቶችና እህቶች በተለይ ታስፈልጉናላችሁ።

ገንዘቡ የሚገባው በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። በማንም ግለሰብ ስም አትላኩ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉም አትሂዱ። ከለንደን፣ ከማንቸስተር ወይም ከውጭ አገር የምትልኩ የሒሳብ ቁጥሩንና የሼር ሰነዱን ከእድራችን ኮሚቴ ጠይቁ። በአማርኛ የተዘጋጀ ማብራሪያ አለን። ሊድስ ያላችሁ በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ፎቅ ላይ ባለው ክፍል ኑ። ሰነዱን አብረን እናነባለን፤ ጥያቄ ያለው ይጠይቃል፤ መፈረም የፈለገ እዚያው ይፈርማል። የሼር ሽያጩ የሚዘጋው በዚህ ወር የመጨረሻ ቀን ነው።