ውሃው የሚመጣው ከጉና ነው

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ትንሽ ተሽሏታል።

ፎገራ ላይ ለሥራ ስለምትሻገሪው ወንዝ ባለፈው ስልክ ላይ ያልሽኝ ነገር ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። «አባዬ፣ ዘንድሮ ክረምቱ ከመደበኛ በታች ነው ተብሏል፤ ስለ ወንዙ አታስብ» አልሽኝ። ኔትወርኩ ተቆራረጠና መልሴን ሳትሰሚ ዘጋሽው። እንግዲህ አንብቢው።

ትንበያውን እኔም በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ሜትሮሎጂዎች ግንቦት ላይ የሚናገሩት ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚዘንበው ዝናብ ድምር ነው። ለገበሬው ትልቅ ነገር ነው፤ የሚዘራውን ዘር ይመርጥበታል። ኤልኒኖ ሲሆን ክረምታችን እንደሚሳሳም እውነት ነው፤ በ2007 ወሎ ላይ የደረሰውን ድርቅ አይተናል። ግን ድምር ነው ልጄ። ሰኔው ደርቆ፣ ሐምሌው ተቆራርጦ፣ ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ጉና ተራራ ላይ ዶፍ ቢወርድ ድምሩ ያው «ከመደበኛ በታች» ነው። የጉማራ ወንዝ ግን በዚያች ቀን ሞልቶ ይወጣል። እሱ ድምር አያውቅም።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ወንዝ አትሻገሪ።

ርብም ጉማራም የሚነሱት ከጉና ነው። ክረምት ላይ ሰማዩ ጠዋት ይጠራል፣ ወደ እኩለ ቀን ደመናው ተራራው ላይ ይከመራል፣ ከሰዓት ይዘንባል። አንቺ ፎገራ ሜዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀሽ ውሃው መንገድ ጀምሯል። ሰማይ አይተሽ ወንዝ አትመኚ።

የአጎትሽን ነገር ታውቂያለሽ። ያኔ ልጅ ስለነበርሽ ጎርፍ ወሰደው ብለን ብቻ ነገርንሽ። ቀኑ ብራ እንደነበር አልነገርንሽም። 1998 ነው፤ ድሬዳዋን በሌሊት ጎርፍ የመታበት ያ ክረምት። የኛም ፎገራና ሊቦ ከምከም በውሃ ተውጠው ሰው ከብቱን ይዞ ከፍ ያለ ቦታ ፍለጋ የወጣበት። አጎትሽ ጎርፉ ሰፈሩን ሳይነካ በፊት ነው የሄደው። ጠዋት ጉልበቱ ድረስ በሚደርስ ውሃ ተሻግሮ ወፍጮ ቤት ሄደ። ወረፋ ያዘው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዱቄቱን አህያዋ ላይ ጭኖ ተመለሰ። ማዶ የነበሩት ሰዎች እንደነገሩኝ፣ መጀመሪያ የውሃው ቀለም ተለወጠ። ደፈረሰ። ከዚያ ገለባና የእንጨት ስባሪ ይዞ መምጣት ጀመረ። ጮሁለት። እሱ መሃል ላይ ነበር፤ አህያዋን ከኋላ ይገፋል። አህያዋ ወጣች። እሱ አልወጣም። ለዚያ ዓመት ፋሲካ ና ብሎኝ ሥራ ይዞኝ ቀርቼ ነበር። እስከ ዛሬ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ውሃው ሲደፈርስና ገለባ ሲይዝ ካየሽ፣ አንድ እርምጃ ቢቀርሽም ተመለሽ። ጫማሽ ይሂድ፣ የክትባት ሳጥኑም ይሂድ።

ኃላፊሽ ዛሬውኑ ሪፖርት ይዘሽ ነይ ቢልሽ ነገ ጠዋት በይው። ይቆጣ። አበልም ከተቆረጠ ይቆረጥ፤ እኔ እልክልሻለሁ። እዚያው ቀበሌ እደሪ፤ የፎገራ ሰው እንግዳ አሳድሮ አያውቅም የሚል ማን ነው? ከሰዓት በኋላ አትሻገሪ ብቻ።

ሐይቁም ያው ነው። ጣና ጠዋት ጸጥ ብሎ ከሰዓት ነፋስ ይነሳበታል፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ውሃ ሲናወጥ ትንሽ ጀልባ አይችለውም። በጠዋት ሂጂ፣ ከእኩለ ቀን በፊት ተመለሽ። መብረቅ ሲጀምር ዛፍ ሥር አትጠለይ። ደግሞ ነሐሴ አለፈ ብለሽ አትዘናጊ። ጣና ጢም ብሎ የሚሞላው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው፤ ሐይቁ ሲሞላ ወንዞቹ መግቢያ አጥተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ወባውም ዝናቡ ሲያባራ ነው የሚብሰው። ለሰው የምታስተምሪውን አንቺም አድርጊ፣ አጎበር ውስጥ ተኚ።

ልጄ፣ ነጭ ጋዋንሽን ለብሰሽ የላክሽልንን ፎቶ እናትሽ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳይታለች። እኔም አሳይቻለሁ። ኮርተንብሻል።

በሶ፣ ሽሮ፣ አዲስ አጎበርና ቦት ጫማ ልከናል። ጫማው አንድ ቁጥር ይሰፋል፤ ወፍራም ካልሲ አድርጊበት። ዕቃው ወረታ መናኸሪያ ቅዳሜ ይደርሳል። ከሰዓት ከደረሰ ግን እዚያው ይደር፤ እሑድ ጠዋት ሄደሽ ውሰጂው። መብራት ሳይጠፋ ስልክሽን ቻርጅ አድርጊ፣ ማታ ማታ ደውይልኝ።

አባትሽ
ከባሕር ዳር